የወረቀት ማድ ቤት

ልጄ ሰሞኑን ስልኳን ይዛ ከኋላ ከኋላዬ ትላለች። ማድ ቤታችንንና የምንበላበትን ክፍል ልናድስ ነው፤ እሷ በየቀኑ የማናውቃቸውን ሰዎች ማድ ቤት ታሳየኛለች። ሁሉም ነጭ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ጠረጴዛ፣ እጀታ የሌለው ነጭ መሳቢያ።

«እማ፣ ይሄኛውስ? ይሄም አላማረሽም?»

ያምራል። እኔ ግን ጠርዙ የት ላይ እንደሚያልቅ ይጠፋኛል። የሚታየኝ ትኩስ ድስት የያዘ ሰው ከማዕዘኑ ጋር ሲላተም ነው።

«አንቺ ከቤቱ በፊት አደጋው ነው የሚታይሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው የሞተ የሚመስላቸው ሴቶች አሉ አይደል? ከእነሱ አንዷ ነኝ።

የሰው ማድ ቤት እያዩ የራስን ማሰብ ግን ለኔ አዲስ አይደለም። ያደግሁት በእሱ ነው። በማድ ቤት የተነሣ በቅናት ተቃጥዬ ነው ያደግሁት ብል የሚያምነኝ የለም እንጂ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቅ የላትም፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ በየደንበኛው ቤት እየዞረች ትለካለች፣ ቤታችን መጥታ ትሰፋለች። ትምህርት ቤት በማልሄድበት ቀን እኔንም ታስከትለኛለች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሥራዬ ስፒል የሚሰካባትን ትንሽ ትራስ መያዝ ነበር። «ትራሷን» ስትለኝ እዘረጋለሁ፤ ስፒሏን ነቅላ ትወስዳለች። ይህን ሥራ የሚችል ሌላ ልጅ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴን አዲስ ዐመል ያዛት፤ በየሄደችበት ውሃ ይጠማት ጀመር። ለክታ ስትጨርስ «እስኪ አንድ ብርጭቆ ውሃ» ትላለች። «ይምጣልሽ» ሲሏት «ኧረ አትቸገሩ፣ ራሴ እቀዳለሁ» ብላ ብድግ። ማድ ቤት ትገባና ውሃውን ቀድታ፣ ሳትጠጣው፣ ብርጭቆውን እንደያዘች ትቆማለች። ምድጃው ከመስኮቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሳህኑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ ዝቅ ብሎ፣ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ፣ ከምድጃው እስከ መመገቢያው ጠረጴዛ ድረስ መንገድ ላይ ምን ምን እንደተገተረ ታያለች። መሳቢያ ሳብ አድርጋ ትመልሳለች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የባንክ ሠራተኛ በር ላይ ቆማ አየቻት።

«እህቴ፣ ውሃው መሳቢያ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?»

እናቴ ሳቀች። «ይቅርታ፣ ማድ ቤትሽ ደስ ብሎኝ ነው። የኔን ላሠራው ስለሆነ ከየቤቱ ሐሳብ እየለቀምኩ ነው።»

«ታዲያ ልቀሚያ! ሳህኖቹን ብቻ ተዪልኝ።»

ራት ላይ ይህን ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ቀልድ መንገድ ላይ ቆሞ ካገኘ ሳይጭን አያልፍም።

«እንግዲህ ቀናሽ በይኛ! የሰው ማድ ቤት እያዩ መቅናት እኮ ራት አይሆንም።»

«አልቀናሁም፤ እያየሁ ነው» አለች እናቴ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዓይኔ ሳለ ልይ እንጂ» አለችው።

አባቴ ሳቁን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ በኋላ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ የተጣሉ መሰለኝ። ዳቦዬን ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን ኪሴ ከተትኩት፤ ሊለያዩ ከሆነ ለመንገድ ይሆነኛል ብዬ።

አልተጣሉም። ሐኪም ዘንድ አብረው ደርሰው ከተመለሱ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር። የእናቴ ዓይን ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ እንደሚሄድ፣ መጀመሪያ የሚከዳትም ሲመሽ እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ተነግሯቸዋል። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ያኔ የማውቀው እናቴ ውሃ እንደምትወድ ብቻ ነበር።

ከዚያ የአንዲት ነርስ ቤት መጣ።

ነርሷ የጠራችን የሥራ ቀሚስ ልታሰፋ ነው። ቤቷ ተራ ቤት ነው፤ ማድ ቤቷማ ከባንክ ሠራተኛዋ ማድ ቤት ጋር ሲተያይ ያስቃል። የጠረጴዛው ፊት ነጣ ያለ ሆኖ ጠርዙ ዙሪያውን በጥቁር እንጨት ተከብቧል። ማዕዘኖቹ ሁሉ ተሞርደው ክብ ሆነዋል። መደርደሪያው በር የለውም። ወለሉ ላይ ባልዲ የለ፣ በርጩማ የለ፤ ዕቃው ሁሉ እንደ ወታደር ቦታ ቦታውን ይዟል። እዚያ መሀል የነርሷ አማት ቆመው ሽንኩርት ይከትፋሉ። እማማ ነበር የምንላቸው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ዘመናት ሆኖታል፤ ቢላዋው ግን ጣታቸውን የሚያውቅ ይመስል አንድ ጊዜ እንኳ አይስትም።

እናቴ ውሃ መጠየቁንም ረሳችው። እንደ ገባች ቆማ ቀረች።

ያቺም ልጅ እዚያ ነበረች፤ የነርሷ ልጅ፣ የኔ እኩያ። ስትስቅ ስለምትውል ሰፈሩ ሁሉ ፍልቅልቅ ይላታል። እኔን ቤተሰቡ የሚጠራኝ ኮስትሬ ብሎ ነበር፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ግንባሬ እንደተቋጠረ ነው ይላሉ። ፍልቅልቅ ሮጣ መጣችና እንደ ትልቅ ሰው ክንዷን ለእናቴ ሰጠቻት።

«ነይ እትዬ፣ እኔ ላሳይሽ።»

እናቴም ያዘቻት። የእናቴ እጅ የሌላ ልጅ ክንድ ላይ ሲያርፍ ያን ቀን ነው ያየሁት። ትራሷን ጨብጬ ኖሮ አንዷ ስፒል መዳፌን ወጋችኝ፤ እኔን ያየ ግን አልነበረም። ሁለቱ ምድጃው ጋ ደርሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት መመላለስ ሆነ። ቀሚሱ አልቆ ከተወሰደ በኋላም ቀጠለ። እናቴ ሜትሯን እንኳ ሳትይዝ ትሄዳለች። እኔ የምይዘው ትራስ የለም፤ ግቢ ውስጥ ነው የምቀመጠው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰልችቶኝ ስገባ እናቴ ዓይኗን ጨፍና የቀዘቀዘ ሻይ ስትቀዳ ደረስኩ። አንድ ጣቷን ከብርጭቆው አፍ ወደ ውስጥ አጥፋ ማንቆርቆሪያውን ቀስ እያለች ታዘነብላለች። እማማ አጠገቧ ቆመዋል። ፍልቅልቅ ወንበር ላይ ተንበርክካ ታያለች።

«ሳትቸኩዪ» ይላሉ እማማ። «ጣትሽን ሲነካሽ ትተዪዋለሽ።»

«እትዬ ሊፈስ ነው! ኧረ ሊፈስ ነው!»

«ዝም በይ አንቺ ቁራ፤ አታስደንግጫት። ዓይኔ መጥፋቱ አንድ ጥቅም አለው፣ መልከ ጥፉ አያሳየኝም እል ነበር። በዚች ልጅ የተነሣ ግን ጆሮዬም በጠፋ እያልኩ ነው።»

ሦስቱም ሳቁ። እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ በሩ ላይ አየችኝ፤ ሳቋ ተቆረጠ።

«ምን እየተጫወታችሁ ነው?» አልኩ።

«ምንም። ዝም ብለን ነው።»

«እኔም ልጨፍን?»

«አንቺ አትጨፍኚም!» እንደ ጥፊ ነው ያረፈብኝ። ቀጥላ ለስለስ አለች። «ውጪ ተጫወቺ የኔ ልጅ። እኛ አሁን እንመጣለን።»

እኛ ካለቻቸው ውስጥ እኔ አልነበርኩም።

እናቴና አባቴ የደበቁኝ ስለምፈራ ነው። ደመና ባጉረመረመ ቁጥር ቤቱ ሊደረመስ ነው ብዬ አልጋ ሥር የምገባ ልጅ ነበርኩ። «ይህን ብትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ትንሽ ትደግ» ተባብለዋል። ፍልቅልቅ ግን አያቷን እየመራች ያደገች ናት፤ ዓይን ቢጠፋ አይገርማትም። የእናቴን ምስጢር ከእኔ በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ሁሉ ነገር ገብቶኝ፣ ልጅ ወልጄ፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ይህች ነገር ትቆጠቁጠኛለች። ለልጄ ምንም የማልደብቃት ለዚህ ነው። እኔም በየዓመቱ ዓይኔን እታያለሁ። ሐኪሙ ደህና ነሽ ይለኛል፤ አላምነውም፤ አለማመኔንም እነግራታለሁ። እኔ ያኔ ፍርሃት ቢሰጡኝ እችለው ነበር፣ ለምጄዋለሁ። ያልቻልኩት ቅናቱን ነው።

እናቴ ንድፍ መሣል አታውቅም። የምታውቀው መቁረጥ ነው። ስለዚህ ማድ ቤቷን እንደ ቀሚስ ቆረጠችው። የልብስ ልክ በምታወጣበት ቡናማ ወረቀት ምድጃውን፣ ጠረጴዛውን፣ መሳቢያውን፣ ወንበሮቹን በእውነተኛ ልካቸው ቆርጣ ወለሉ ላይ አነጠፈቻቸው። ግድግዳ ላይ የሚሆነውን በስፒል ሰካችው። ማድ ቤቱን ከመመገቢያው የሚለየው ግድግዳ ፈርሶ አንድ ሰፊ ክፍል ይሆናል። ከባንክ ሠራተኛዋ ቤት መስኮት ሥር የሚቆመውን ጠረጴዛ ወስዳለች፤ ከሌላ ደንበኛ ተንሸራታቹን በር፤ ከነርሷ ቤት ጥቁሩን ጠርዝና ክቡን ማዕዘን። ጫማችንን እያወለቅን በወረቀት ማድ ቤት ውስጥ መኖር ጀመርን።

«አንተ ሰው፣ ምድጃው ላይ ቆመሃል!» ትለዋለች አባቴን።

«እኔም እግሬን ምን አቃጠለኝ እላለሁ።»

ወንበሮቹን ቆጠርኳቸው። አራት ናቸው። እኛ ሦስት ነን።

«አባዬ፣ አራተኛው ወንበር የማን ነው?»

«የእንግዳ።»

«የትኛዋ እንግዳ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?»

ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ፍልቅልቅ ከኛ ጋር ልትኖር ነው። መጀመሪያ በአራተኛው ወንበር ትቀመጣለች፤ ቀስ በቀስ የኔን ትወስደዋለች፤ በመጨረሻ እንግዳዋ እኔ እሆናለሁ። አራተኛው ወንበር፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ እውነትም የእንግዳ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወተት ልገዛ ተልኬ ስመለስ ፍልቅልቅን ቤታችን አገኘኋት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና በወረቀቶቹ መሀል ትራመዳለች፤ ልጅቷ ከኋላዋ እየተከተለች «ወንበሩን ረገጥሽው! አሁን ደህና ነሽ፣ ቀጥዪ» ትላለች። እኔ ስገባ ጨዋታው ቆመ። እንደተለመደው።

ቀጥለው የልብስ ቁልፍ ወደሚጠራቀምበት ጣሳ ሄዱ። እዚያ ጣሳ ውስጥ ዕንቁ የሚመስሉ ትልልቅ ቁልፎች ነበሩ፤ ለቀሚሴ አድርጊልኝ ብዬ ስለምናት «ይቆዩ» ትለኝ ነበር። ፍልቅልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሳታይ እጇን እየከተተች ታወጣለች። «ይሄ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ይሄ ይሻክራል። ይሄኛው ደግሞ እንደ ከረሜላ ነው!» እናቴ ተቀብላ በየመሳቢያው ወረቀት ላይ ትሰፋለች፤ በኋላ አናጢው እንጨቱ ላይ እንዲመታቸው። «ይሄ የጨው። ይሄ የስኳር። ይሄ የቢላዋ።» የኔ ዕንቁዎች የሻይ ቅጠሉ መሳቢያ ላይ ሄዱ።

«ለመሳቢያ ሰጥተሽ ለኔ ትከለክዪኛለሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄ፣ እነዚህ ለሥራ ናቸው። ላንቺ ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«ሌላ አልፈልግም!»

«እትዬ፣ በመሳቢያ ቀናች!» አለች ፍልቅልቅ።

እናቴም ሳቀች። የልጅቷስ ግድ የለም፤ የገደለኝ የእናቴ መሳቅ ነው።

ግድግዳው ፈረሰ፣ አቧራው ተጠረገ። አናጢው መሳቢያውንና መደርደሪያውን እዚያው ቤታችን እየለካ ሠራ። ጠረጴዛውን ግን ወረቀቱን ጠቅልሎ ወስዶ ነው የቆረጠው። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ እንደ ወረቀቱ ከተባለ እንደ ወረቀቱ ነው። ጠረጴዛው በመጣበት ቀን ነርሷና ፍልቅልቅ ሊያዩ መጡ፤ ለእነሱም ሻይ ተጣደ።

ጠረጴዛው ቦታው አልገባ አለ። በመደርደሪያውና በግድግዳው መካከል ልክ ይሆናል የተባለው ተቀርቅሮ ቀረ። አናጢው ገፋ፣ አባቴ ሳበ፤ ወይ ፍንክች።

«እኔ እንደ ወረቀቱ ነው የቆረጥኩት» አለ አናጢው ላቡን እየጠረገ። «ዙሪያውን የታጠፈውንም በደንብ ዘርግቼ ነው። አንዲት ጣት አላጎደልኩም።»

«ዘርግተህ?» እናቴ እጇን በጠርዙ ላይ አሳለፈች። «ጋሼ፣ የታጠፈው እኮ ለስፌት የሚተው ትርፍ ነው! ስቆርጥ እጄ ለምዶ ትቶት ኖሮ፣ ሳነጥፈው ወደ ታች አጠፍኩት።»

«ለስፌት? እህቴ፣ ጠረጴዛ እኮ ነው!»

«ልማድ ነዋ!»

«ታዲያ እንጨቱን ወደ ውስጥ አጥፌ ልስፋልሽ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አትንካው፣ ይቆይ» አለ አባቴ። «ልጅ ነው፤ ሲያድግ ይለቀቅለታል።» እናቴ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ከሳቋ መሀል ዕንባዋ ወረደና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ለጠረጴዛው ያለቀሰች መሰለኝ። አሁን ሳስበው ያስለቀሳት እጇ ዓይኗን ሳይጠይቅ መሥራቱ ነው። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ነገ ጠዋት መጋዝ ይዤ እመጣለሁ» አለ አናጢው። ጠረጴዛውን ለጊዜው መተላለፊያው ላይ ገደድ አድርገው ተዉት። አባቴ ሊሸኘው ወጣ፤ ነርሷም የፈረሰውን ግድግዳ ድንጋይ ለአጥሬ ይሆነኛል ብላ ልታየው ተከተለቻቸው። ማድ ቤቱ ውስጥ እናቴና እኛ ሁለት ልጆች ቀረን።

ፀሐይዋ ገና መግባቷ ነው። አምፖሉ ከፈረሰው ግድግዳ ጋር ወርዶ መልሶ አልተሰቀለም፤ ለኔ ግን ሁሉም ነገር ይታየኛል። ማንቆርቆሪያው መንተክተክ ጀመረ። እናቴ ልታወርደው ተነሣች። የተራመደችው በወረቀቱ ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ባጠናችው፣ ጠረጴዛው ቦታው ላይ በሚገኝበት። ቀጥ ብላ፣ ሳትጠራጠር ሄደች። የእንጨቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ወገቧን መታት።

አልወደቀችም። ሕመሙ ግን አዞራት፤ ከዞረች በኋላ የት እንዳለች ጠፋባት። የምድጃው እሳት ከቀሚሷ ጀርባ ቅርብ ነበር። እጇን ወደ ባዶው ዘረጋች።

«ማን አለ?»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። የፈራ ልጅ ድምፅ ነበር።

ፍልቅልቅ ትቀርባት ነበር። ክንዷን አውጥታ መራመድ ስትጀምር ገፈተርኳትና አለፍኳት። የእናቴን እጅ በሁለት እጄ ጨብጬ ጎተትኩ። እናቴ ተንገዳገደች፤ ጉልበቷ ከወንበር ጋር ተላተመ።

«አትጎትቻት!» ፍልቅልቅ ጮኸች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። «አንቺ አትያዣት፣ እሷ ትያዝሽ!»

«እናቴ ናት!»

«እናትሽ ብትሆንስ! ስትጎትቻት የት እንደምትረግጥ አታውቅም። ልቀቂያትና ቁሚ። ክንድሽን ብቻ ስጫት።»

ለቀቅኳት። እሳቱ ከኋላዋ እያለ እጇን መልቀቅ እንዴት እንደከበደኝ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ክንዴን ከጎኔ ወጣ አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«እማዬ... አይታይሽም?»

«ይታየኛል» አለች ቶሎ ብላ። ከዚያ እጇን ወደ ድምፄ ዘረጋች። «ቀን ቀን ይታየኛል። ሲመሽ ነው እንጂ።»

«መቼ ነው የሚሻልሽ?»

«አይሻለኝም፣ የኔ ልጅ።»

እጇ ፀጉሬን አገኘ፣ ወደ ትከሻዬ ወረደ፣ ክርኔ ላይ ሲደርስ ያዘ። ፍርሃቱ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ መጣብኝ፤ ሆኖም እጇ ክንዴ ላይ ስለነበር የትም ልሸሽ አልቻልኩም። ተራመድን።

ያን ጊዜ ነው በዚህ ሥራ ጎበዝ እንደሆንኩ ያወቅሁት። ፍልቅልቅ ምንም ስለማትፈራ ብዙ ነገር አይታያትም። እኔ አደጋውን ከመምጣቱ በፊት ነው የማየው።

«እማዬ፣ ምድጃው ከጀርባሽ ነው፤ ወደኔ ወደኔ ነይ። የጠረጴዛው ጠርዝ በቀኝሽ ነው። ቁሚ፣ አናጢው ምስማር ጥሏል። አነሣሁት፤ ነይ። እማዬ፣ ወንበሩ አንድ እግሩ ወጣ ብሏል...»

«ኧረ ልጄ፣ በዚህ አያያዛችን ወንበሩ ጋ ስንደርስ ነግቶ አናጢው ይመጣል።»

ሳቅ አለች። ክንዴን ግን ጠበቅ አደረገችው። እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፍኩላት፤ ዳሰሰችና ተቀመጠች። ምድጃውን ፍልቅልቅ አጠፋችው። ያጠፋችው እሷ መሆኗን እንኳ ያየሁት ዘግይቼ ነው።

አባቴና ነርሷ ሲገቡ እንደዚያው አገኙን። አባቴ እናቴን አየ፣ እኔን አየ። ነርሷ የሆነው ሁሉ ወዲያው ገባት መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በይ እንሂድ፣ አያትሽ ብቻቸውን ናቸው» አለቻት ለልጇ።

እናቴ ተቀምጣለች፤ ከእንግዲህ መያዝ አያስፈልጋትም። ክንዴን ግን አልለቀቀችም። እኔም ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

«ደህና ግቢ የኔ እመቤት» አለች እናቴ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ።

ፍልቅልቅ በሩ ላይ ዞረች። ያን ዓመት ሙሉ እኔ የእሷን ክንድ ሳይበት በኖርኩበት ዓይን የኔን ክንድ አየችው፤ አየችውና ወጣች።